ጨጓራ ይድናል

በጌዴኦዋ ዲላ ከተማ «ጨጓራዬን አመመኝ» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ተልባ ጠጣበት ይለዋል፣ ሌላው አብሽ፣ ሌላው ቡና ተው፣ ሌላው ንዴት ቀንስ። መካሪዎቹ በመድኃኒቱ ባይስማሙም በአንድ ነገር አይለያዩም፤ ጨጓራ አይድንም። ኪኒን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም ይላሉ። ይህን ከወናጎ ገበሬም፣ ከይርጋጨፌ ነጋዴም፣ ዲግሪ ከጫነ ሰውም ሰምቼዋለሁ። ማንም ማስረጃ የማይጠይቅበት እውነት ሆኗል።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ባለበት ተስፋ የሚሸጥ አይጠፋም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ገበያውን የያዘው «ስቴም ሴል» የሚባለው ነው። አንዱ ዓይነት በየስልኩ በሚዞር ማስታወቂያ የሚሸጥ፣ በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት ዱቄት ነው። ሌላው ገንዘብ ያለው ውጭ አገር ሄዶ የሚወጋው መርፌ ነው። የሁለቱም መከራከሪያ አንድ ነው፤ ኪኒን አሲድ ይቀንሳል፣ ስቴም ሴል ግን የቆሰለውን የጨጓራ ግድግዳ እንደ አዲስ ይሠራል። የተማረው ሰው ጭምር «የወደፊቱ ሕክምና ይኸው ነው» ብሎ ሲቀበለው አያለሁ።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። የጨጓራ ቁስለት የሚድን በሽታ ነው። የሚያድነውም ሩቅ አገር ያለ ተአምር ሳይሆን ስሙን ሁሉም የሚያውቀው፣ ከአርባ ዓመት በፊት በተገኘ እውቀት ላይ የቆመ ተራ ኪኒን ነው። ያላዳነን ኪኒኑ አይደለም፤ የምንመረምርበት፣ የምንሸጥበትና የምንውጥበት መንገድ ነው። ይህንን ሳናስተካክል ስቴም ሴል ፍለጋ መሄድ ደግሞ ገንዘብ ከማባከንም የከፋ ጉዳት አለው።

«አይድንም» የሚለው እምነት ከየትም አልመጣም። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የዓለም ሐኪሞችም ከመካሪዎቻችን ብዙ የራቀ ነገር አያስተምሩም ነበር። ቁስለት የጭንቀት፣ የቅመምና የአሲድ ውጤት ነው ተብሎ ስለሚታመን በሽተኛው ወተት እንዲጠጣ፣ አልጫ እንዲበላ፣ እንዲያርፍ ይታዘዝ ነበር። ያልተሻለው ሆዱ ተከፍቶ ከጨጓራው ይቆረጥለታል። እንደ ሲሜቲዲን ያሉ አሲድ ቀናሾች ሲመጡ ቁስሉ ይዘጋ ጀመር፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ተመልሶ ይከፈታል። ስለዚህ «ያስታግሳል እንጂ አያድንም» የሚለው አባባል በዚያ ዘመን ትክክል ነበር። ስህተቱ ዘመኑ ካለፈ በኋላም ይዘነው መቆየታችን ነው።

ዘመኑን ያሳለፉት የአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሁለት ሐኪሞች ናቸው። ሮቢን ዋረን የተባለው የፓቶሎጂ ሐኪም በ1979 ከበሽተኛ ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አየ። ከወጣቱ ባሪ ማርሻል ጋር ሆነው በላቦራቶሪ ሊያሳድጉት ደጋግመው ቢሞክሩም አልበቀለም፤ ማሳደጊያ ሳህኖቹ ከሁለት ቀን በኋላ ይጣሉ ነበርና። በ1982 የፋሲካ በዓል ምክንያት ሳህኖቹ ሳይነኩ አምስት ቀን ያህል ቆዩ። ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ያም ሆኖ አሲድ በሚፈላበት ሆድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያምናቸው ጠፋ። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ደህና የነበረው ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለው፣ በክሊኒኮቻችን «ኤች ፓይሎሪ» ወይም «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚባለው እሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ክርክሩን የሚዘጋልኝ ግን ከማርሻል ድፍረት ይልቅ በ1993 ከቪየና የወጣ ጥናት ነው። የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ የሚወጣው ቁስለት የሚመላለስባቸው 104 በሽተኞች ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም አሲድ የሚቀንሰውን ራኒቲዲን ወሰዱ። አንደኛው ወገን ግን በላዩ ላይ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ለ12 ቀን ጨመረ። በአንድ ዓመት ክትትል ውስጥ አሲድ ቀናሽ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 86ቱ ላይ ቁስሉ ተመለሰ። ፀረ ባክቴሪያ ከጨመሩት ላይ ግን የተመለሰው ከመቶ 8ቱ ላይ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ቢጻፉ ደስ ይለኛል።

ታዲያ የእኛ ሰው ያን ሁሉ ኪኒን ውጦ ለምን አልዳነም? መልሱ ዲላ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አምስት ደቂቃ ለቆመ ሰው ይታያል። ከቡና መጋዘን የመጣ ጫኝና አውራጅ፣ የጆንያ ብናኝ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ማዘዣ ሳይዝ «የጨጓራ ስጠኝ» ይላል። ኦምፕራዞል ይወጣለታል። ዋጋውን ሲሰማ «የአምስት ቀን አድርግልኝ» ይላል። መቀስ ስትሪፑን ይቆርጣል፤ አሥር እንክብል በትንሽ የወረቀት ፖስታ ይገባል፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1×2» ይጻፍበታል። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ለወገቤም ጨምርልኝ» ይላል፤ ዲክሎፌናክ ይጨመርለታል።

ይህ ወጣት የገዛውን እንመልከት። ኦምፕራዞል አሲዱን ስለሚያስታግስ ሕመሙ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድለውም። ቁስሉ መዝጋት ሳይጨርስ መድኃኒቱ ያልቃል። ዲክሎፌናክ ደግሞ ልክ እንደ አይቡፕሮፌንና እንደ አስፕሪን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን የሚያሳሳ፣ ከባክቴሪያው ቀጥሎ ቁስለት በማምጣት ዋናው ተጠያቂ የሆነ መድኃኒት ነው። በአንድ እጁ የሚያስታግሰውን፣ በሌላው የሚያቆስለውን ይዞ ሄደ። ከወር በኋላ ሕመሙ ሲመለስ «ኪኒን አያድንም» የሚለው እምነት አንድ ተጨማሪ ምስክር አገኘ። ወጣቱን አልወቅሰውም። ያለውን ገንዘብ ይዞ፣ የሚያውቀውን ስም ጠርቶ፣ የተሰጠውን ተቀበለ። የሚወቀሰው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ መቀሱን ያነሳው ባለሙያ ነው።

ባክቴሪያውን ለማጥፋት በሰፊው የሚታወቀው ሕክምና ይህን ይመስላል፦ ኦምፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፤ ሦስቱም ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። አሞክሲሲሊኑ ባለ 500 እንክብል ከሆነ ሦስቱ ተደምረው በቀን ስምንት ፍሬ፣ በጠቅላላው 112 ፍሬ ነው። (ይህን የምጽፈው ሰው ራሱ ገዝቶ እንዲውጠው አይደለም። ፔኒሲሊን የማይስማማው አለ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ አለ፤ ሐኪም ያየዋል።) 112 ፍሬ ቀላል አይደለም። ክላሪትሮማይሲን አፍን መራራ ያደርጋል፣ ሆድ ያላላል። ሕመሙ በአራተኛው ቀን ሲጠፋ የቀረውን መዋጥ ሞኝነት ይመስላል። ብዙው ሰው እዚያ ላይ ያቆማል፤ የተረፈውንም ለታመመ ጎረቤት ያካፍላል። በግማሽ የተመታው ባክቴሪያ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶ ይነሳል።

ምርመራውም እንዲሁ ችግር አለበት። ከደም የሚሠራው የኤች ፓይሎሪ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ 14 ቀኑን በሥርዓት ጨርሶ የዳነ ሰው በዚህ ምርመራ «አሁንም አለብህ» ሊባል ይችላል። ዳግም ይታከማል፣ ዳግም ይመረመራል፣ ዳግም «አለብህ» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው በመድኃኒት ቢያዝን ማን ይፈርድበታል? መዳኑን የሚያረጋግጠው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። እሱም ቢሆን ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ኦምፕራዞልም ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ ሲሠራ ነው የሚታመነው። ይህን ቀጠሮ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሄደ በሽተኛ ስንት አለ?

ደግሞም ሆድን የሚያቃጥል ሁሉ ቁስለት አይደለም። ብዙ ሰው በኢንዶስኮፒ ሲታይ ምንም ቁስል አይገኝበትም። ያልነበረን ቁስለት ማንም ሊያድነው አይችልም።

በጌዴኦ ምድር አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ቡና ተው» የሚለው ምክር ያናድደኛል። ቡና አንዳንዱን ሰው ሊያቃጥለው ይችላል፤ የሚያቃጥለው ይቀንስ። ቁስለት የሚያመጣው ግን ቡና አይደለም፣ በርበሬም አይደለም። በቡና የሚኖረውን ገበሬ፣ ጠዋት ከጎረቤት ጋር የሚጠጣትን ስኒ አስጥሎ ባክቴሪያውን ሆዱ ውስጥ መተው ሕክምና አይባልም። በሽተኛው በራሱ ላይ እንዲፈርድ ማድረግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስቴም ሴል። ስቴም ሴል የሚባል ነገር ውሸት ነው አላልኩም። ራሱን እያባዛ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ ነው፤ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኒ ስቴም ሴል በደም ካንሰር የተያዙ ሰዎችን ሕይወት ያተርፋል። ይህን ሕክምና የጀመረው አሜሪካዊው ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ጨጓራም የራሱ ስቴም ሴል አለው፤ በእጢዎቹ ውስጥ ተቀምጦ የላይኛውን ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ያድሳል። የስቴም ሴል ሻጮች የማይነግሩን ይህንን ነው። የጨጓራ ግድግዳ አዲስ ሕዋስ የሚሠራ አጥቶ አይደለም ቆስሎ የሚቀረው። የተሠራው ሁሉ በባክቴሪያው፣ በአሲዱና በሕመም ማስታገሻው መልሶ ስለሚፈርስ ነው። የሚያፈርሰውን ማስቆም ከተቻለ ቁስሉን ጨጓራው ራሱ ይዘጋዋል፤ የቪየናው ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን መልክዓ ምድር በእንሰትና በቡና የሠራው እሱ ነው። እንሰቱን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ማሳው ውስጥ ሲገባ የታመመውን ነቅሎ ይቀብራል፣ የቆረጠበትን ቢላ በእሳት ያቃጥላል። በሽታው እዚያው እያለ አዲስ ችግኝ አምጥቶ በላዩ ላይ አይተክልም። ቢተክል ችግኙም ይጠወልጋል።

ጉዳቱ ከዚያም ሊብስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ የአይጥ ምርምር አለ። ተመራማሪዎቹ አይጦችን የኤች ፓይሎሪ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ ለረጅም ጊዜ አስያዟቸው። ጨጓራቸው ሥር በሰደደ ቁጣ ሲጎዳ ከአጥንት መቅኒ የመጡ ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ሄደው ሰፈሩ፤ ቆይተውም ካንሰር ወደሚሆን ዕጢ ተለወጡ። የአይጥ ምርምር ነው፤ በሰውም እንዲሁ ይሆናል ብዬ አልደመድም። ነገር ግን «ስቴም ሴል ቁስል ያድሳል» ለማለት የሚጠቀሱት ሙከራዎችም በአብዛኛው የአይጥ ናቸው። አይጥ ላይ ቁስል በፍጥነት ዘጋ የሚለውን ተቀብሎ አይጥ ላይ ካንሰር ሆነ የሚለውን መተው አይቻልም። ባክቴሪያ ባለበት ጨጓራ ላይ ስቴም ሴል መወጋት ደህና ነው ብሎ የሚምል ሰው በምን ተማምኖ እንደሆነ ይንገረን። የጨጓራ ቁስለትን በስቴም ሴል ለማከም በሰው ላይ ተፈትኖ የጸደቀ ሕክምና የለም።

ለሆድ ዕቃ በሽታ ፈቃድ እስከ ማግኘት የደረሰው የስቴም ሴል ሕክምና እንኳ የት እንደቀረ ማየት ይጠቅማል። ክሮንስ በሚባለው የአንጀት በሽታ ምክንያት ፊንጢጣ አጠገብ ለሚፈጠር ፊስቱላ የተሠራው አሎፊሴል እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ተፈቅዶ ነበር። ተከታዩ ትልቅ ጥናት ጥቅሙን ማረጋገጥ ስላልቻለ በ2024 መጨረሻ ፈቃዱ ተነሳ። ሐቀኛ ሳይንስ እንዲህ ይሠራል፤ ይሞክራል፣ ይመዝናል፣ ካልሠራ ይመልሳል። በስልክ የሚዞረው ማስታወቂያ ግን አንድም ጊዜ ሲመልስ አላየሁም።

ዱቄቱ ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። ሕያው የሰው ሕዋስ ከሰውነት ውጭ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ተጭኖ ዲላ የገባ ዱቄት ውስጥ ሕያው ሕዋስ የለም። ቢኖር እንኳ ጨጓራችን ሥጋን የሚያሟሟ አሲድ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ከፖም ወይም ከወይን የተወሰደ ነው ቢሉም የተክል ሕዋስ የሰው ጨጓራ አይሆንም። የአገራችን ምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ያዛል፤ ቁስለት አድናለሁ የሚል ዱቄት የሚሸጥ ሰው የምዝገባ ቁጥሩን ያሳይ።

ከተቃራኒ ወገን አንድ ብርቱ መከራከሪያ አለ፤ ላልፈው አልችልም። ባክቴሪያው መድኃኒት ለምዷል፣ ስለዚህ የኪኒን ዘመን አብቅቷል የሚሉ አሉ። መልመዱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የለመደውን ኤች ፓይሎሪ አዲስ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው አስጊ ባክቴሪያዎች ጋር መድቦት ነበር። ግን ባክቴሪያ አንድ መድኃኒት ሲለምድ ሕክምናው በሌላ መድኃኒት ይቀየራል። ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አሲድ ቀናሽ አንድ ላይ የሚሰጡበት የ14 ቀን ሕክምና ክላሪትሮማይሲንን የለመደውን ጭምር ያጠፋል። በዓለም ያሉ መመሪያዎች ወደዚያ እየዞሩ ነው። የእኛ ጥያቄ መሆን ያለበት እነዚህ መድኃኒቶች በገደብ፣ በቡሌና በኮቾሬ ጤና ጣቢያዎች ሳይቆራረጡ እንዴት ይድረሱ የሚለው ነው። ሲለምድ ደግሞ የለመደው እኛ በመቀስ እየቆረጥን በሸጥነው ነው። ያንን ሳናቆም የሚመጣውን መድኃኒት ሁሉ እንዲሁ እናበላሸዋለን።

ጌዴኦ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ኤች ፓይሎሪ ደግሞ በአብዛኛው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በጎደለበት የሚተላለፍ ነው። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትንተና ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚህ ስፋት ላለ በሽታ ለአንድ ሰው ብቻ የሚዘጋጅ ውድ የሕዋስ ሕክምና መልስ ሊሆን አይችልም። መልሱ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ በየጤና ጣቢያው መኖሩ፣ የ14 ቀኑ መድኃኒት በአንድ እሽግ ተዘጋጅቶ ሳይቆረጥ መሰጠቱ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ የያዘ ገበሬ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ አለመመለሱ ነው። ቡና በሚለቀምበት ሰሞን የጌዴኦ ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ ይኖራል፤ በክረምቱ ግን የሦስት ቀን ኪኒን እንኳ ከባድ ነው። እሽጉ በክረምትም እንዲደርሰው መድኑ መሥራት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒቱን እንዲጨርስ እንደሚከታተሉት ይህንንም ለ14 ቀን መከታተል አያቅታቸውም።

«ብሞክረውስ ምን ይጎዳኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይጎዳል። ኤች ፓይሎሪ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ዱቄቱ እየተጠጣ የሚያልፈው ዓመት ለባክቴሪያው ተጨማሪ ዓመት ነው። ዕድሜው ገፍቶ ሕመሙ አዲስ የጀመረው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው ሰው ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል፤ በጤና ጣቢያ ስለማይገኝም ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ወይም ደም ያስመለሰው ሰው ቁስሉ እየደማ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሻጩ «ቆሻሻው እየወጣልህ ነው፣ ቀጥል» ብሎ በቴሌግራም ሲመልስለት፣ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ደም የሚሰጠውና የሚደማውን ቦታ የሚዘጋለት ሆስፒታል ነው።